ሁለት ምንጭና አንድ አማች

ከደጄ ፊት ለፊት፣ በዚያው የደረጃ ማረፊያ ላይ፣ ከስለላ መሥሪያ ቤት ጡረታ የወጡ ጎረቤት አሉኝ። ይህን ስላችሁ ጥቁር መነጽርና ረጅም ካፖርት እንዳይታያችሁ። እኚህ ሰው እንኳን ሌላውን ሊከታተሉ፣ አንድ ቀን አብረን ገበያ ወጥተን እኔኑ መከተል አቅቷቸው ከሽንኩርት ተራ ፈልጌ ያገኘኋቸው እኔው ነኝ። ሥራቸው ወንበር ላይ ተቀምጦ ሌላ ሰው ያመጣውን ወሬ ማጣራት ነበር። በኋላ ደግሞ ለአዳዲሶቹ ምልምሎች የስለላን ታሪክ ያስተምሩ ነበር። «ወሬ» ማለቴን ቢሰሙ ቅር ይላቸዋል። «መረጃ» ነው የሚባለው። ልዩነቱን ሲያስረዱኝ፣ ወሬ አንድ ሰው ያለው ነው፤ መረጃ ግን እርስ በርስ የማይተዋወቁ ሁለት ሰዎች ያሉት።

በዚህ የተነሣ ሰፈሩ «ጋሼ ሁለት ምንጭ» ብሎ ስም አወጣላቸው። ሰፈር ደግሞ ስም ሲያወጣ አይሳሳትም። አንድ ቀን ዳመናው ሲወርድ አይቼ በራቸውን መታሁና ዝናብ መጣ፣ የተሰጣ ልብስዎን ያስገቡ አልኳቸው። ሌላ ማን አየ ብለው ጠየቁኝ። ሁለተኛው ምስክር እስኪገኝ ሸሚዛቸው እንደገና ታጥቦ አደረ።

ደግነቱ ጨዋታቸው አይሰለችም። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ቀኑን ሙሉ እግሬ ከመኪናው ፔዳል፣ ዓይኔ ከመርፌው አይነሣም። እሳቸው የሻይ ብርጭቋቸውን ይዘው በሬ አጠገብ ካለው ወንበር ላይ ይቀመጡና ከጥንት ይጀምራሉ። ድሮ አንድ ገዥ የባሪያውን ራስ አስላጭቶ፣ «አምፅ» የሚል ምስጢር ቆዳው ላይ አስነቅሶ፣ ፀጉሩ እስኪያድግ ጠብቆ ወደ ወዳጁ ላከው ይላሉ። ታዲያ አመፁ ፀጉር እስኪያድግ ይጠብቃል ወይ ብላቸው፣ ያኔ ሰው ትዕግሥት ነበረው አሉኝ። ከዚያ ነጋዴ መስለው ከተማ ለከተማ ወደሚዞሩት ይሻገራሉ። በነገሥታቱ ዘመን ደግሞ ከፖስታ ቤት ጀርባ የተደበቀ ክፍል ነበር፤ የሰው ደብዳቤ በእንፋሎት ተከፍቶ፣ ተገልብጦ፣ ማኅተሙ እንደነበረ ተመልሶ ይሄዳል። ደረቷ ላይ ካሜራ የታሰረላት እርግብ ነበረች። መስኮት ሥር ተቀምጠው ሹራብ እየሠሩ የሚያልፈውን ባቡር የሚቆጥሩ ባልቴቶች ነበሩ። በኋላ ጆሮው ሽቦ ውስጥ ገባ፣ ዓይኑም ሰማይ ላይ ወጣ። አሁንማ ሰው የሚሰለልበትን ዕቃ ራሱ ገዝቶ፣ ቻርጅ አድርጎ፣ በኪሱ ይዞ ይዞራል ይላሉ። ይህን የሚሉኝ የገዛ ስልካቸውን ፊደል አተልቂልኝ ብለው እየሰጡኝ ነው።

የትምህርታቸው ሁሉ መቋጫ ግን አንድ ነው። ሰላይ ማለት ቀጥታ መጠየቅ የማይችል ሰው ነው። የጠየቀ ሰው የማያውቀውን ነገር ለሌላው አሳየ፤ ከዚያ ወዲያ ራቁቱን ቆመ ማለት ነው።

ይህ ትምህርት አንዲት ልጃቸውን ሊያሳጣቸው ትንሽ ቀርቶት ነበር።

ልጅቱ እናቷ ካረፈች ወዲህ በእሳቸው እጅ ያደገች፣ መነጽር ቤት የምትሠራ፣ ቀስ ብላ የምትናገርና ቀስ ብላ የምትቆጣ ልጅ ናት። ቀስ ብሎ የሚቆጣ ሰው ደግሞ ቶሎ አይበርድለትም። ያጫት ልጅ ሊፍት ጠጋኝ ነው። መጀመሪያ ቤት የመጣ ዕለት የልብስ ስፌት መኪናዬን ከምድር ቤት እስከ በሬ ተሸክሞ አወጣልኝ፤ ስለዚህ ከእኔ ገለልተኛ ምስክርነት አትጠብቁ። ሠርጉ ተቆረጠ፣ አዳራሹ ተያዘ፣ ነጩም ልብስ እኔ ዘንድ ተጀመረ።

በዚያ ሰሞን ጋሼ ሐኪም ክፉ ነገር እንደ ነገረው ሰው ፊታቸው ጠቁሮ መጡ። ልጁን ወደድኩት አሉ።

«ታዲያ ምን ከፋዎት?» አልኳቸው።

«እሱ ነዋ የከፋኝ። በታሪክ ውስጥ ያልተወደደ ሰው ማንን አታሎ ያውቃል? የሚያታልል የወደዱት ሰው ነው።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ሊፍት ጠጋኙ ለሥራ ወደ ሌላ ከተማ ይመላለሳል፤ ሲሄድ ቀናት ይቆያል። ቀናት የሚቆይ ሰው የት ያድራል? የሚያድርበት ቤትስ የማን ነው? ጋሼ እንቅልፍ አጥተዋል። ለምን እሱን ራሱን አይጠይቁትም ብላቸው፣ መንገድ ላይ ልብስዎን ያውልቁ ያልኳቸው ያህል ዞር ብለው አዩኝ። ሁለት ምንጭ ይበቃቸዋል። አንደኛው ሊፍት ጠጋኙ ፀጉሩን የሚቆረጥበት ፀጉር አስተካካይ፣ ሁለተኛዋ ደግሞ ከማዕዘኑ ያለችው ባለ ሱቅ፤ ልጁ ወደ እኛ ሲመጣ እሷ ጋ ሳይቆም አያልፍም። ዋናው ነገር አሉ ጋሼ፣ ሁለቱ አይተዋወቁም። በምን አወቁ አልኳቸው። አንድም ቀን አብረው አይተዋቸው አያውቁም። እሳቸው ያላዩት ስንት ነገር እንዳለ ልነግራቸው አፌን ስከፍት ደረጃውን ወርደው ነበር።

ተመልሰው ሲመጡ ፊታቸው በርቷል። ፀጉር አስተካካዩን የያዙበት ዘዴ «ነካ አድርጎ መተው» ይባላል። ጥያቄውን ጥያቄ ሳያስመስሉ ጣል ያደርጉታል፤ ከዚያ የሰውዬውን ፊት ያነባሉ። ምላጩ አንገታቸው ላይ እያለ፣ በመስታወት እያዩት፣ ያ ሊፍት ጠጋኝ እዚያ ከተማ ሚስት ይኖረው ይሆን ብለው እንደ ዘበት ጣል አደረጉለት። ሰውዬው «እንጃ» ብቻ አለ። እጁ ግን ቀጥ ብሎ ቆመ። ይህችን የእጅ መቆም ሲተርኩልኝ ምራቃቸውን ዋጡ። ባለ ሱቋን ምንም አልጠየቋትም። እሷ ዘንድ የያዙት «መጠበቅ» የሚባለውን ነው፤ በየቀኑ አንዳንድ ሳሙና እየገዙ ቆም ይላሉ። ቤታቸው የሳሙና መጋዘን መሰለ።

ሳምንት ሳይሞላ አንድ ቀትር ላይ በሬ ላይ ቆሙ። የሻይ ብርጭቆውን አልያዙም።

«መርፌውን አቁሚ» አሉኝ።

አቆምኩ። ባለ ሱቋ ዛሬ ጠዋት ባንኮኒው ላይ ጎንበስ ብላ፣ ልጁ እዚያ ከተማ ባለትዳር ነው፣ ሴት ልጅም አለችው አለቻቸው። ከዚያ ፀጉር አስተካካዩ ዘንድ ሄዱ፤ ገና ሳይቀመጡ፣ ጋሼ ነገሩ እውነት ነው፣ ሚስትም ልጅም አለው አላቸው። ሁለት ምንጭ። የማይተዋወቁ። ቃል በቃል አንድ።

እኔም አዘንኩ። እውነቴን ነው፣ ያ መኪና ከባድ ነው፤ ለሰው ሁሉ አይሸከሙለትም። ጋሼ ግን ከሐዘናቸው በላይ የሚያስጨንቃቸው ሌላ ነገር ነበር። ልጅቱ ከሥራ ስትመለስ ሊነግሯት ነው፤ ማን ነገረህ ስትላቸው ግን አይመልሱም። ምንጭ አይገለጥም፣ ይህ የሥራው ነፍስ ነው። የኔ ፍርሃት እዚህ ላይ ነበር። ያቺን ልጅ አውቃታለሁ። ስም በሌለው ወሬ እጮኛሽን ተዪ ብትባል፣ ሻንጣዋን ይዛ ደረጃውን ትወርዳለች፤ ለአባቷ የሚቀርላቸው በሬ አጠገብ ያለው ይህ ወንበር ብቻ ይሆናል።

ለመሆኑ ሁለቱ ከማን ሰሙት አልኳቸው። ያን አልጠየቁም። ለምልምሎቻቸው ቀድመው የሚያስተምሩት ይህንኑ ነበር፤ ወሬው ሲያማቸው ጊዜ ረሱት። ሰው እኮ ሲታመም ሐኪምነቱን ይረሳል። ነጠላ ጫማዬን በጫማ ቀይሬ አብሬያቸው ወጣሁ።

ባለ ሱቋ ሳሙና ልታወጣ እጇን ሰደደች። ጋሼ ዛሬ ሳሙና አይደለም አሉና ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ ቀጥሎ ያለው ቃል አልወጣ አላቸው። እኔ ጠየቅኩላቸው።

«እኔ እቴ ምን አውቄ» አለች። «ፀጉር አስተካካዩ ነው የነገረኝ፣ ምላጭ ሊገዛ መጥቶ።»

ጋሼ ባንኮኒውን ያዙ። ትተዋወቃላችሁ ወይ አሏት። የእህቷ ባል ነው።

«ልጅቷንስ እሱ ነው የነገረሽ?» አልኳት።

«ልጅቷን እንኳ እኔ ነኝ ያሰብኳት። ሚስት ካለች ልጅ አይጠፋም ብዬ።»

«ሴት መሆኗንስ?»

«እንዴ፣ መልኩን አላያችሁትም? የሴት ልጅ አባት ፊት እኮ ነው ያለው።»

ከዚያ ወደ ፀጉር አስተካካዩ። ምላሱ ጤፍ ይቆላል የሚባል ሰው ነው፤ እጁ ከሚቆርጠው አፉ የሚቆርጠው ይበልጣል። አንድ ደንበኛ ፊቱን በትኩስ ፎጣ ሸፍኖ ተጋድሟል። ልጅቷን ከማን ሰማህ አልኩት፤ ከባለ ሱቋ። ሚስትዮዋንስ? ሰውዬው መቀሱን አስቀመጠና ጋሼን አያቸው።

«ሚስትዮዋንማ ከእርስዎ ነዋ።»

«ከእኔ?»

«እዚህች ወንበር ላይ። ምላጩ አንገትዎ ላይ እያለ።»

«እኔ ጠየቅኩህ እንጂ መቼ ነገርኩህ?»

«ጋሼ ይሙቱ» አለ ፀጉር አስተካካዩ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «የእናንተ መሥሪያ ቤት ሰው የማያውቀውን ይጠይቃል እንዴ? እናንተ የምታውቁትን አይደል የምትጠይቁት? እኔ እያስጠነቀቁኝ መስሎኝ እጄ ሁሉ ደርቆ ቀረ። እርስዎ ካሉ ማን ይጠራጠራል ብዬ ነው ለሰው የነገርኩት።»

በዚህ መሐል ፎጣው ውስጥ ያለው ደንበኛ ማንም ሳይጠይቀው፣ መንታ ናቸው እየተባለ ነው አለ።

ጋሼ የተራ መጠበቂያው ወንበር ላይ ተቀመጡ። አንድ አገር በሌላው ላይ የነዛውን ውሸት በሩቅ ጋዜጣ ላይ መልሶ አንብቦ ራሱ የሚደነግጥበት ጊዜ እንደ ነበረ፣ ይህንንም ዕድሜ ልካቸውን እንዳስተማሩ፣ ሲያስተምሩም ምልምሎቹ ይስቁ እንደ ነበር ቀስ ብለው ነገሩኝ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል፤ የእርስዎ ግን አፋፍ ደርሶ ሚስት አግብቶ፣ ልጅ ወልዶ ተመለሰ አልኳቸው። ያን ጊዜ ነው ነገሩ የገባቸው። ሚስት የለችም ማለት ነው። ብድግ ብለው ወጡ፤ ያን ቀን መከተል ያቃተኝ እኔ ነኝ።

መንገድ ላይ ሁሉንም አቃንተው ጨርሰውት ነበር። ማንም ማንንም አይናገርም፣ ነገሩ እዚህ ላይ ይዘጋል፣ ልጅቱም ምንም ሳትሰማ ታገባለች።

ስንደርስ በራቸው ክፍት ነው። ልጅቱ ቦርሳዋን ከትከሻዋ ሳታወርድ መሐል ቤት ቆማለች። ሊፍት ጠጋኙ የመፍቻ ሻንጣውን እግሩ ሥር አድርጎ የወንበር ጫፍ ላይ ተቀምጧል፤ እጁ ገና ግራሶ ነው። ልጅቱ እንደ ነገረችን፣ ሥራ ቦታዋ አንዲት ደንበኛ መነጽር እየሞከረች ሳለ፣ እግዜር ነው ያወጣሽ፣ ሰውየው ባለትዳር ነው አሉ፣ መንታም አለው አለቻት። ልጅቱ ወዲያው ደወለችለት፤ የለኝም አላት፤ አመነችው። እሷ ዘንድ ነገሩ ያኔ አልቋል። ነገር ግን ወሬው እናቱ ዘንድ ደርሷል። እናቱ ደግሞ የልጄን ስም ያጎደፈው ሰው ፊቴ ቆሞ እስኪናገር ድረስ ሠርግ ብሎ ነገር አላውቅም ብላለች። ልጁ ያለ እናቱ አያገባም፤ እሷም አግባኝ አትለውም።

«ይህን ያወራው ሰው መገኘት አለበት» አለች ልጅቱ። «አባባ፣ አንተ ሥራህ ነበር። ፈልግልን።»

ጋሼ እኔን አዩኝ። እኔ ጣሪያውን አየሁ። ጣሪያው ቀለም ይፈልጋል።

ምን እንዳሰቡ ፊታቸው ላይ ይነበባል። ፀጉር አስተካካዩን ቢሰጡ ይበቃ ነበር። ባለ ሱቋን ቢሰጡም ይበቃ ነበር። ሁለቱም እውነት ነው። ዝም ቢሉ ደግሞ ዕድሜ ልካቸውን ሲያስተምሩት የኖሩት ነው። ኮታቸውን አወለቁና መልሰው ለበሱት።

«ምንጩ እኔ ነኝ» አሉ።

ከዚያ እንደ ዘገባ ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው እየሄዱ ተረኩት፤ ፎጣውን፣ ባለ ሱቋን፣ ወንበሩን፣ ምላጩን። ሊፍት ጠጋኙ «የሴት ልጅ አባት ፊት» የሚለው ጋ ሲደርሱ ከንፈሩን ነከሰ፤ ትከሻው ግን አመለጠው። ልጅቱ አልሳቀችም።

«ስንት ጊዜ እዚህ ተቀምጦ ሻይ ጠጣ» አለች። «ለምን አልጠየቅከውም?»

«አልለመድኩም።»

«እንግዲያው አሁን ልመድ።»

ወንበር ስባ ከልጁ ፊት ለፊት አስቀመጠችላቸው። ተቀመጡ። መውጣት ነበረብኝ፤ ግን ማን ይወጣል? ጋሼ መነጽራቸውን ጠረጉ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፣ ደግመው መነጽራቸውን ጠረጉ።

«እንግዲህ… አንድ ሰው አለ እንበል። ይህ ሰው በሥራው ጠባይ የተነሣ…»

«አባባ።»

«ሚስት አለህ?»

«የለኝም።»

«ልጅ?»

«የለኝም፣ መንቶቹንም ጨምሮ።»

ያለቀ መስሎኝ ነበር። ጋሼ ግን አልተነሡም። እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ወለሉን እያዩ፣ እንደዚያ ቀጥኖ ሰምቼው በማላውቀው ድምፅ ሌላ ጥያቄ ጠየቁ።

«እዚያ ከተማ ትወስዳታለህ?»

ያ ሁሉ ሳሙና ለምን እንደ ተገዛ ያኔ ገባኝ።

ሊፍት ጠጋኙ ወደ ልጅቱ አየ። እሷም ቦርሳዋን ቀስ ብላ አወረደች። እዚሁ ሰፈር፣ ከዳቦ ቤቱ ጀርባ ቤት ተከራይተዋል፤ ሠርጉ ዕለት ሊያስደስቷቸው ብለው ደብቀውት ነው። ምድር ቤት ነው፣ ቀኑን ሙሉ ላይና ታች ስል ስለምውል ማታ እንኳ መሬት ልርገጥ ብዬ ነው አለ ልጁ። ጋሼ እጁን ያዙት፣ ግራሶውም ሸሚዛቸውን ነካው። ልጅቱ ወደ መስኮቱ ዞራ፣ ብትጠይቀን ኖሮ ገና ድሮ ታውቀው ነበር አለች፤ ድምፅዋ ግን ለስልሶ ነበር።

የቀረችው የልጁ እናት ናት። በማግስቱ ጋሼ ከረባታቸውን አስረው ሄዱ፤ እኔንም ምስክር ብለው ወሰዱኝ። ሴትዮዋ ቁመተ አጭር፣ ከዓይኗ ምንም የማያመልጣት፣ በሩን ስትከፍት ከጫማ እስከ ራስ የምትለካ ናት፤ እኔ እንኳ በሜትር እንደዚያ አልለካም። ጋሼ ሳይቀመጡ ተናገሩ። ያወራሁት እኔ ነኝ፣ ፈርቼ ነው፣ ልጅዎ ንጹሕ ነው አሉ። ሴትዮዋ ይድገሙት አለቻቸው፤ ደገሙት። ጎረቤቷን ከጓዳ ጠርታ ለሷም አስደገመቻቸው።  ሴትዮዋም እንደ መሽኮርመም አለች።

«እንግዲህ እርስዎ ከተናዘዙ እኔስ ለምን ይቅርብኝ» አለች። «ይህችን ጎረቤቴን መነጽር ቤት የላክኋት እኔ ነኝ። ልጅቱ ምን ዓይነት ናት፣ እይልኝ ብዬ።»

ጋሼ ከዚያ ሳይጋበዙ ተቀመጡና መጠየቅ ጀመሩ፤ ያውም ቀጥታ። እንዴት ተገባ? ምን ብላ? መነጽር እየሞከረች? ልጅቱ ፊት ለፊት ተቀምጣ፣ ዓይኗን እያየች፣ ማንም ሳይጠረጥር? ጎረቤትየዋ ሳትገዛ እየተመላለሰች የሱቁን መነጽር ሁሉ ሞክራ እንደ ጨረሰች ተናዘዘች። ጋሼ ወደ እኔ ዞረው፣ ከጥንት እስከ ዛሬ ባስተማርኩት ታሪክ ውስጥ እንዲህ ያለ ንጹሕ ሥራ የለም አሉ።

«ታዲያ ምን ይዛ መጣች?» ብለው ጠየቁ።

«ምን ትይዛለች» አለች ሴትዮዋ። «በሄደች ቁጥር ምንም ሳትገዛ ስትወጣ፣ ልጅቱ በየጊዜው በር ድረስ ትሸኛታለች። አንድ ቀን እንኳ ፊቷ አልጠቆረም። እኔ ለሠርጉ የሚሆነኝን ጫማ የገዛሁት ይህን በሰማሁ ዕለት ነው።»

ጋሼ መነጽራቸውን አወለቁ። ሴትዮዋ ሻይ ልታቀርብ ተነሣች፤ ጎረቤትየዋ ደግሞ አጠገባቸው ቀረብ ብላ፣ ለመሆኑ ያቺ ቡናማ ፍሬም ትሄድብኝ ይሆን፣ ልጅዎ ምን አለች ብላ ጠየቀቻቸው።